ያልተጋጠመው ጫማ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ኧረ ይሄ ድምፅ ነው? በዚህ ድምፅ ላሚቱ ጆሮዋን እንኳ አታነሳላችሁም። ጉሮሯችሁን ጥረጉና እንደገና። ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እሰይ። አሁን ላሚቱም ሰማች፣ እኔም ሰማሁ። በሉ በቆሎውን ወደ መሀል አድርጉት። እጅ ይፈልፍል፣ ጆሮ ይስማ። አንተ አንዳርጌ፣ ፍሬው ወደ ቁናው ነው እንጂ ወደ አፍህ አይደለም፤ አይቼሃለሁ።

ይህን ተረት የሰማሁት ከአያቴ ነው። እንደዚሁ ማታ ማታ በቆሎ እየፈለፈልን ታወራልን ነበር። ያኔ ዘጠኝ ልጆች ነበርን። ዛሬ የቀረነው እኔና ታናሽ እህቴ ነን። እሷም ሩቅ አገር ናት። የዚያ ቤት ጫጫታ እንዴት እንደሚናፍቀኝ ብነግራችሁ አይገባችሁም፤ ስታረጁ ይገባችኋል። ለማንኛውም ወደ ተረታችን።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለ አንድ መንደር፣ ባላምባራስ ካሰኝ የሚባሉ ሰው ነበሩ። መሬታቸው ሰፊ፣ ከብታቸው ብዙ ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ። አንድ ሴት ልጅ ብቻ ነበረቻቸውና ስሟን አንጓች አሏት። አንጓች መልኳ ያምር ነበር። ከመልኳ ይልቅ ግን አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ እርምጃዋ ነበር። ቀስ ትላለች። ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል። አትሮጥም፣ አትዘልልም። አባቷም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፦ «የእኔን ልጅ አረማመድ አያችሁ? ኩሩ ናት፤ ወይዘሮነት በደሟ አለ» ይሉ ነበር።

ኩራት አልነበረም ልጆቼ። አንጓች ስትወለድ ግራ እግሯ አጭር ነበር። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ ነው። ይህን የምታውቀው እናቷ ብቻ ነበረች። እናቷም ገና በሕፃንነቷ በግራ እግሯ ጣቶች ብቻ እየረገጠች እንድትሄድ አስተማረቻት። ተረከዟ መሬት ካልነካ አታነክስም። ቀስ ካለች ማንም አያውቅባትም። ልጅቱም እንደተባለችው ኖረች። ቀን ቀን ሰው አረማመዷን ያደንቃል። ሲመሽ ወገቧን ይዛ ታለቅሳለች። እናቷም በር ዘግታ ወገቧን ታሻታለች። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ሆነ። አይ የናት ነገር፤ አዝናላት እኮ ነው።

ከዚያም አንጓች ለጋብቻ ደረሰችና ሽማግሌ ተላከ። የላከው ቢያድግልኝ የሚባል የጎረቤት መንደር ገበሬ ነበር። አባቱ ሞቶበት ከናቱ ጋር የሚኖር፣ ቁጥብ ሰው ነው። ባላምባራስ ዘሩን ጠይቀው ወደዱት። ጥሎሹም ተነገረው፤ ባለ ጥልፍ ቀሚስ፣ ካባና የብር ድሪ። እሱም እሺ አለ።

እሺ ባለ በወሩ ግን አንዱ በሬው ገደል ገባና ሞተ። ወቅቱ የእርሻ ነበር። የቀረውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ እንደምንም አረሰ። ካባውና ድሪው ግን ከየት ይምጣ? ጨነቀው። ከሞተው በሬ የቀረለት ቆዳው ብቻ ነበር።

የቢያድግልኝ እርሻ ከምንጩ መንገድ ዳር ነው። ክረምት ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ነበር። አንድ ቀን አንጓች ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስታልፍ ከሩቅ አያትና አንገቱን ደፋ፤ ያኔ እጮኛን አፍጥጦ ማየት ነውር ነበር። ካለፈች በኋላ ግን ዱካዋን አየ። የቀኙ እግር ሙሉ ነው። የግራው ጣት ብቻ ነው፤ ተረከዝ የለውም።

«እሾህ ወግቷት ይሆን?» አለ። በማግስቱም አየ፤ ያው ነው። በሳምንቱም አየ፤ ያው ነው። ያን ጊዜ ገባውና ጭቃው አጠገብ ቁጭ አለ። እሱ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሷል። ከምንጩ እስከ ባላምባራስ ቤት ዳገት ነው። እንስራ ተሸክሞ፣ በጣት ብቻ እየረገጡ፣ ያን ሁሉ ዳገት! አዘነላት። ሐዘን ብቻም አይደለም፤ ያን ቀን ነው ከልቡ የወደዳት።

ከዚያም ምን አደረገ? የእግሯን ርዝመት በስንደዶ ለካ። የራሱንም እግር ከዱካዋ አጠገብ አኖረና ተረከዙን ቀስ እያለ አነሳ። የሱ ዱካ የሷን ሲመስል በተረከዙና በመሬቱ መሀል ስንደዶ አቁሞ ቆረጠ። የበሬውንም ቆዳ አለፋ። ማታ ማታ በወስፌ እየወጋ ጫማ ሰፋ። የቀኙ ተረከዝ አንድ ድርብ ቆዳ፣ የግራው አራት ድርብ። ሦስት ጊዜ ሰፍቶ ሦስት ጊዜ ፈታው።

እንግዲህ የሠርጉ ቀን ደረሰ። የድሮን ሠርግ አታውቁትም። ያን ጊዜ ጥሎሽ የሚታየው በዳሱ መሀል በሰው ፊት እየተዘረገፈ ነው። ከሙሽሪት ወገን አንድ አፈኛ ሽማግሌ ይመረጣል። እያንዳንዱን ዕቃ ብድግ አድርጎ ያገላብጣል። ደስ ካለው «ሞልቷል» ይላል። «ጎድሏል» ካለ ሙሽሪት ከመጋረጃው አትወጣም። የዚያን ቀን የተመረጡት የአንጓች አጎት አያ ደምሌ ነበሩ። አያ ደምሌ ማለት እንኳን ጥሎሽ፣ ከወንፊት የወረደ ዱቄትም እንደገና የሚነፉ ሰው ናቸው።

ቀሚሱ ወጣ። «ይሁን» አሉ። አንድ ነጠላ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

አያ ደምሌ፦ «ካባውስ?»

ሚዜው፦ «በሬ ሞቶበት ነው አያ። ለመጪው ዓመት ያመጣል።»

«ድሪውስ?»

ሚዜው ወደ ኋላ አፈገፈገ። እጁ ላይ ግን አንዲት ከረጢት ነበረች። ቢያድግልኝ «በማንም ሳትታይ ለእናቷ ስጥልኝ» ብሎ የሰጠው ነው። አያ ደምሌ አይናቸው ሌባ ነው፤ ከረጢቷን አዩዋት።

«ድሪውን ደብቃችሁ ልታስደንቁን ነው መሰለኝ» አሉና መንጭቀው ዘረገፏት። ጫማው ወደቀ። አነሱት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አዩ። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። ወደ ሕዝቡ ዞረው ከፍ አድርገው አሳዩት።

«ተመልከቱልኝ! አንዱ ተረከዝ የሰው፣ አንዱ ተረከዝ የግንብ! የባላምባራስን ልጅ መሳለቂያ ሊያደርጋት ነው?»

ዳሱ ሳቀ። ባላምባራስ ግን አልሳቁም፤ ፊታቸው ጠቆረ።

አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቢያድግልኝ እውነቱን ቢናገር ነፃ ይወጣል፤ የአንጓች ምስጢር ግን በሠርጓ ቀን በሺህ ሰው ፊት ይወጣል። ዝም ቢል ሚስቱን ያጣል። ተነሳና እጅ ነሳ።

«እኔው ነኝ የሰፋሁት አያ። እጄ ስቶ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«እጅህ በጣት ይስታል እንጂ በአራት ድርብ ቆዳ አይስትም። ወይ ለምን እንዲህ እንዳደረግኸው ተናገር፣ ወይ ሚዜዎችህን ይዘህ ተመለስ።»

ቢያድግልኝ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ከአያ ደምሌ እጅ ተቀበለ። ሚዜውንም፦ «እንሂድ» አለው።

አንጓች ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። «አንዱ ተረከዝ የግንብ» ሲባል ገባት። እናቷ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ዝም በይ ልጄ። ይሂድ። ባል ሌላ ይመጣል። ካወቁብሽ ግን ማንም አይመጣም።»

አንጓች፦ «እማ፣ እሱ እኮ አውቆ ነው የመጣው» አለች።

እናቷ ይህን ስትሰማ እጇ ላላ። አንጓች መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሙሽራ በሚዜ ታዝላ እንጂ በእግሯ አትወጣም፤ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበር። ከዚያም የባሰ አደረገች። የግራ ተረከዟን መሬት አስነካች። አነከሰች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ እያያት አነከሰች። እንዲሁ እያነከሰች ዳሱን አቋርጣ ቢያድግልኝ ፊት ቆመች።

«ጫማዬን ስጠኝ» አለችው።

ሰጣት። ተጫማችና ተመለሰች። ስትመለስ አላነከሰችም፤ በጣቷም አልረገጠችም። ቀጥ ብላ፣ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ፣ እንደ ማንኛችሁም ሄደች። የሳቀው ሁሉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

ባላምባራስ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተወለድሁ ጀምሮ አባባ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እርምጃሽ ያምራል ሲሉኝ ደስ ይልዎ ነበር። ደስታዎን እንዳላጠፋብዎ ብዬ ነው።»

ባላምባራስ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ለዚያች ልጅ ያልገዙላት ነገር አልነበረም። ሐር ብትል ሐር፣ በቅሎ ብትል በቅሎ። አረማመዷን ግን አደነቁ እንጂ አልጠየቁም። ቆይተው ወደ ቢያድግልኝ ዞሩ።

«አንተስ ምነው ዝም አልህ? ልጄን ልታጣት ነበር እኮ።»

ቢያድግልኝም፦ «ገመናዋ የራሷ ነው ጌታዬ። እኔ ጫማ ልሰጣት መጣሁ እንጂ ገመናዋን ላወጣ አልመጣሁም» አለ።

ሰው ሁሉ አያ ደምሌን ያይ ጀመር። በወጉ መሠረት ቃሉ የእሳቸው ነው፤ ባላምባራስም ቢሆኑ ሊናገሩላቸው አይችሉም። አያ ደምሌ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ አንጓች እግር ጎንበስ አሉ። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ አገላባጭ ነበሩ እንጂ።

«አርባ ዓመት ጥሎሽ አየሁ» አሉ። «ስንቱን ጫማ አገላበጥሁ። የምታደርገውን ልጅ እግር ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም።»

ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «ሞልቷል» አሉ።

አያቴ እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ ወደ በቆሎዋ ትመለስ ነበር። በቆሎው ብቻ ነበር የሚሰማው። አንድ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ድሪውስ ቀረ?» ብሎ ጠየቃት። «ቀረ» አለችው፤ «ካባውም ቀረ። እሷም እስክታረጅ አልጠየቀችውም።»

እኔ ብር አይጠቅምም አልላችሁም። ብር የሚያመጣልኝ ካለ ደጄ ክፍት ነው፣ ገፍቶ ይግባ። ግን ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል። ዛሬ ዛሬ ስጦታ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል። ባለፈው ዓመት አንዱ የልጅ ልጄ ከከተማ የሚያምር ሻርፕ ላከልኝ፤ ውድ ነው አሉኝ። እግዜር ይስጠው፣ አልለበስሁትም አልልም። ቢሆንልኝ ግን እሱው ራሱ መጥቶ፣ ከእናንተ መሀል ተቀምጦ፣ አንድ ራስ በቆሎ ቢፈለፍልልኝ ይሻለኝ ነበር።

በሉ ተነሱ፣ ቁናውም ሞልቷል።

ተረቴን ይዛችሁ ሂዱ፣
አፌን ባዶውን አትስደዱ።