ጽዋውን የሙጥኝ ያለው ባምላኩ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ድምፃችሁስ ደህና ነው። ላሟን እንኳ አምና ሸጫታለሁ፤ የቀረኝ በረቱ ነው። ግድ የለም፣ ተረት በባዶ በረትም ያድራል። በሉ ተጠጉ። ደግሞ «ስለ ራሷ ነው የምታወራው» እንዳትሉኝ። ስለ እኔ ቢሆን ኖሮ ገና አልተጀመረም ነበር። ከዚያች ጎጆ ወደዚህች ጎጆ ለመዛወር ሦስት ዓመት የፈጀሁ አሮጊት እኮ ነኝ። ያውም በሁለቱ መካከል ያለው አንድ አጥር ነው።

በድሮ ዘመን፣ በጎጃም ደጋ፣ ባምላኩ የሚባል የሣር ቤት ከዳኝ ነበር። እሱ የከደነው ቤት ሃያ ክረምት አያፈስም ይባል ነበር። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። እሷ ደግሞ ጠላ ጠማቂ ናት። የእሱን ስም አገር ያወራል። የእሷን ጠላ ግን አገር ዝም ብሎ ይጠጣል።

አንድ ቀን፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ከወደ ፀሐይ መውጫ አንድ መልእክተኛ መጣ። ስሙ ደምለው ነው። አርባ ቀን ተጉዟል። ባምላኩን ጣሪያ ላይ አገኘውና ከታች ተጣራ፦

«ቤት ከዳኙ ባምላኩ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ!»

«ጌታዬ ቤተ ክርስቲያን እያሠሩ ነው። ግድግዳው አልቋል፤ ክዳኑ ቀርቷል። በአገራችን ደህና ከዳኝ ጠፋ። እርስዎን የከዳኞች ሁሉ አለቃ ሊያደርጉዎ ነው። መሬት ይሰጡዎታል፣ በቅሎም ከነኮርቻዋ። ከነቤተሰብዎ ይምጡ ብለዋል።»

ባምላኩ ከጣሪያው ላይ ወደ ሩቅ ተመለከተ። ተራራው ከተራራ በስተጀርባ ይታያል። ልቡ ሞላና፦

«እሄዳለሁ!» አለ።

ከዚያም በመሰላሉ ወረደ። እግሩ መሬት ሲነካ ልቡም አብራ ወረደች።

«እስቲ ላስብበት» አለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ተጀመረ። ባምላኩ ጣሪያ ላይ ሲሆን ይሄዳል፤ መሬት ሲወርድ ይቀራል። ጎረቤቱ ሁሉ መጫወቻ አደረገው። ጠዋት ሲገናኙ «ባምላኩ ዛሬ ላይ ነው ታች?» ይባባላሉ። እሱም ምክር ያልጠየቀው ሰው የለም። አንዱ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለው። ሌላው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ የራሳቸውን ከዳኝ ይፈልጉ» አለው። ሦስተኛው ደግሞ «ሂድና ለእኔም ቦታ ያዝልኝ» አለው። ባምላኩ ሦስቱንም ሰማና፦

«ሁላችሁም እውነታችሁን ነው» አለ።

አንጓች ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ሰው፣ ቁርጡን ንገረኝ። እንሂድ ካልክ ስንቅ ልሰንቅ። እንቅር ካልክ ጎመኔን ልትከል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«የተጠራኸው አንተ፣ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባምላኩ የፈራው አርባውን ቀን አልነበረም። እዚህ በመንገድ ሲያልፍ ሕፃን ሽማግሌው «ከዳኙ!» ብሎ ይጠራዋል። እዚያስ ማን ያውቀዋል? የዚያ አገር ሣርስ ሌላ ቢሆን? ክዳኑ አፍስሶ ሰው ቢስቅበትስ? ይህ ነበር ሌሊት የሚያገላብጠው። ለማንም ግን አልተናገረውም፤ ለሚስቱም።

ሰኔ አምስት ቀን ደረሰ። ባምላኩ የአቦ ማኅበርተኛ ነበር። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ማኅበርተኞቹ በየወሩ በተራ ይደግሳሉ። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ ለሚመጣው ወር ተረኛ የሆነው ሰው ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋ ቤቱ ያለ ሰው ደግሞ ሳይደግስ አገር ጥሎ አይሄድም። ነውር ነው፤ ቅዱሱም ይቀየማል።

የሐምሌ ተረኛ ባምላኩ ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ አባ ቀለመወርቅ ጽዋውን ያዙና፦

«ልጄ፣ አንተ መንገደኛ ነህ። ተራህን ለሌላ እናሳልፈው?» አሉት።

ባምላኩ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ፤ ጽዋውን በሁለት እጁ እቅፍ አደረገው።

«አባቴ፣ የአቦን ጽዋ ትቼ ወዴት እሄዳለሁ!»

ሰው ሁሉ እልል አለ። ባምላኩም በዚያች ሌሊት ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛ። ጽዋው ቤቱ እስካለ ድረስ መወሰን የለበትማ!

ሐምሌ አምስት ደገሰ። የነሐሴ ተረኛ ሚስቱ የወለደች ጎረቤቱ ነበር። ባምላኩም፦ «አራስ ይዘህ እንዴት ትደግሳለህ? እኔ ልያዝልህ» አለና ጽዋውን መልሶ ወሰደ። ነሐሴ አምስት ደገሰ። ቀጥሎ ያለችው ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። «እሷማ አትችልም፣ እኔ አለሁላት» አለና ወሰደ። አገሩ ሁሉ፦ «አቤት ደግነት! አቤት ለአቦ ያለው ፍቅር!» አለ። እሱም ሲመሰገን አንገቱን ይደፋል። ውስጡን ግን «እኔ ሌባ፣ ከቅዱስ ጀርባ ተደብቄ» ይላል።

መስከረም አምስት ላይ ተራው የደረሰው ሰው አልታመመም፣ አላዘነም፣ ጎተራው ሞልቷል። ባምላኩ ትንሽ አሰበና፦

«ዶሮህ ታማለች ሲሉ ሰማሁ» አለው።

«የትኛዋ ዶሮ?»

«ለማንኛውም ጽዋው እኔ ዘንድ ይቆይ።»

የጥቅምቱንስ ተዉት፤ ያን ጊዜ ሰበብ እንኳ አልፈለገም፣ እጁን ብቻ ዘረጋ።

እንግዲህ ጽዋ የሚቀበለው እሱ፣ ጠላ የምትጠምቀው አንጓች። ብቅል ታበቅላለች፣ ጌሾ ትወቅጣለች፣ ጋን ታጥናለች። አንዱ ጋን ሳይደርቅ ሌላው ይጠነሰሳል። ጎተራው እየወረደ፣ ወገቧ እየጎበጠ ሄደ። ደምለውስ? ክረምት ገብቶ ዓባይ ሞላና መሻገሪያ አጥቶ ቀረ። በየወሩ ድግሱ ላይ ይመጣል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ይጠጣል። ሰኔ ላይ ሲመጣ «ወሰኑ ወይ?» ይል ነበር። መስከረም ላይ ሲመጣ «ጠላው ደረሰ ወይ?» ይላል።

ኅዳር አምስት ሆነ። ድግሱ እንደገና ባምላኩ ቤት ነው። ተበላ፣ ተጠጣ። አባ ቀለመወርቅ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፈኑ። የታኅሣሥ ተረኛ ራሳቸው ነበሩ። ባምላኩ ቀልጠፍ ብሎ ተነሣ፦

«አባቴ፣ እርስዎ አርጅተዋል፣ እኔ ልያዝ—»

«እጅህን ሰብስብ!» አሉት። «አቦ አንድ ሰው ብቻ ነው ወይ ያላቸው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያን ጊዜ ደምለው ከጥጉ ብድግ አለ።

«አንድ ቃል አለኝ» አለ። «ቅዳሜ ገበያ ላይ ከነጋዴዎች መልእክት ደርሶኛል። ጌታዬ ጠብቀው ጠብቀው ሌላ ከዳኝ አገኙ። ቤተ ክርስቲያኑ ተከድኗል።»

«እፎይ!» አለ ባምላኩ።

በሆዱ ያለው መስሎት ነበር። ሁሉም ሰማው። አንጓችም ሰማች፤ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ዞር ብላ አየችው። አምስት ወር የጠመቀችው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ባምላኩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አልጨረስኩም» አለ ደምለው። «ጌታዬ ሲልኩኝ ሁለት ሰው አምጣ ብለውኝ ነበር። አንድ ከዳኝ፣ አንድ የጠላ ቤት አዛዥ። ሁለተኛውን በመንገዴ እፈልጋለሁ ብዬ ነበር። ሳልፈልገው አምስት ወር ጠጣሁት። እሜቴ አንጓች፣ ይመጣሉ ወይ?»

አንጓች ጎረቤት አልጠየቀችም። ጣሪያ ላይም አልወጣችም። ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠችና፦

«እመጣለሁ» አለች።

ከዚያም ወደ ባሏ ዞረች፦

«አንተስ?»

ባምላኩ ጽዋውን አየ፤ ጽዋው አባ ቀለመወርቅ እጅ ነው። የሚደበቅበት አጣ።

«አንጓች» አለ፤ «እኔ እኮ ፈርቼ ነው። ሰው በማያውቀኝ አገር ሥራዬ ቢበላሽ ማን እባላለሁ ብዬ ነው። ለሰው ጣሪያ ጀግና ነኝ፤ ከራሴ ደጃፍ ለመውጣት ግን ጫጩት ነኝ።»

አንጓች ልትቆጣ አስባ ነበር፤ አንጀቷ እንቢ አላት።

«ይህን በሰኔ ብትነግረኝ ኖሮ ወገቤ ይተርፍ ነበር» አለችው።

«እዚያ ሄጄስ ምን እሠራለሁ?»

«ጌሾ ትወቅጣለህ።»

እናም ሄዱ። አርባ ቀን ተጉዘው ደረሱ። በረኛው ባምላኩን «አንተ ማነህ?» አለው። ባምላኩ ስሙን ሊናገር አሰበና፣ ስሙ እዚህ አገር ምንም እንዳልሆነ አስታወሰ።

«የአንጓች ባል ነኝ» አለ።

«እህ! የጠላ ቤት አዛዧ!» አለና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት።

ከዚያም በልግ ገባና ዝናብ ጣለ። ያ ሌላው ከዳኝ የሠራው ክዳን አፈሰሰ፤ ሰውየውም ፈርጥጦ ጠፋ። ጌታው «ይህን የሚያቃና ማነው?» አሉ። ባምላኩ የጌሾውን ዘነዘና እንደያዘ «እስቲ ላስ...» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያም ዋጠውና፦

«እኔ» አለ።

ወጣና ከደነው። ሣሩም እንደፈራው ሌላ ነበርና በማግስቱ አፈሰሰ። ቅዳሴ ላይ ቄሱ ራስ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሰው ሁሉ «የአንጓች ባል ክዳን ያፈሳል!» ብሎ ሳቀ። ባምላኩ በሀፍረት የሚሞት መስሎት ከታች ቆሞ ጠበቀ፤ አልሞተም። እሱም ከሁሉ አብልጦ ሳቀና መሰላሉን አንሥቶ እንደገና ወጣ። በሦስተኛው ጊዜ ያዘለት። አምስት ወር ሙሉ የሸሸው ነገር ይኸው ነበር፤ የአንድ ማለዳ ዝናብና የሰው ሳቅ።

ተረቴ አለቀ፤ አፌ ደረቀ። እንደ ሌላው ባለተረት «አፌን በዳቦ አብሱ» አልላችሁም፤ ጥርሴ ከላሜ ቀድሞ ሄዷል። በሶ በጥብጣችሁ ስጡኝ። ደግሞ ማን ይበጥብጥ ብላችሁ አትመካከሩ፤ እስክትወስኑ በረሃብ አልሙት!