ያጣ ሁሉ ኃጥእ ነው

ፊታውራሪ ጓንጉል የአባታቸውን ተዝካር ሲያወጡ ሰንጋውን ጥለው፣ ጠጁን አስጥለው አገሩን ጠሩ። አገሩ ሲባል ግን ባለካባውና ባለበቅሎው ነው፤ ድኃው ከዳሱ በር ላይ በዘበኛ ዱላ ታግዶ ሽታውን ብቻ ይቀምስ ነበር።

ከድኆቹ መካከል አንዲት አፏ የማያርፍ እንጨት ለቃሚ፣ «የነፍስ ድግስ በር ይዘጋበታል እንዴ?» ብላ ጮኸች።

ፊታውራሪ ሰሟት። በእንግዶቻቸው ፊት ሊያዋርዷት አስጠሯትና፣ «ኃጥእ ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉስ ከየት መጣ? ከመለስሽ ትበያለሽ፤ ካልመለስሽ ትገረፊያለሽ» አሏት።

«እኔ መሃይሟ ምን አውቄ? አለቃ ይንገሩን» አለች።

የደብሩ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከግእዝ ነው። ኀጥአ ማለት አጣ ነው፤ ኃጥእም ያጣ ማለት ነው» አሉ።

ፊታውራሪ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ሰማሽ? ያጣ ሁሉ ኃጥእ ነው! አባቴ ግን አጥተው የማያውቁ ጌታ ነበሩ፤ በድግሳቸው ኃጥእ አይበላም። አውጥታችሁ ግረፏት!»

ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ይሁን ጌታዬ። ግን ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬን ጥዬ ሳዳምጥ፣ ከዚህ ዳስ ‹ጠጁን ድገመኝ› የሚል እንጂ ‹ነፍስ ይማር› የሚል አልሰማሁም። ያንን የምንለው እኛ ነበርን፤ በር ተዘጋብን። እንግዲህ ያጣ ሁሉ ኃጥእ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ሰንጋ ታርዶላቸው አንዲት ‹ነፍስ ይማር› ካጡት ከአባትዎ የባሰ ኃጥእ ማን አለ?»

ፊታውራሪ በሩን አስከፈቱ። እሷም ከገቡት ድኆች ጋር ተቀምጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከዋጠች በኋላ፣ ፊታውራሪን ትክ ብላ እያየች፣ «ነፍስ ይማር» አለች።