እምቢ ያለውን ያጎረሰች ምራት

አንድ ገበሬ ነበረ። ልጄ፣ ሁለት አሲዶች በውሃ ውስጥ እኩል ብርቱ ሆነው ውሃ በሌለበት የኮምጣጤ አሲድ ውስጥ ለምን ይበላለጣሉ፣ ከሁለቱ ፈሳሾች የዋሸን የትኛው ነው ብለሽ ጠይቀሽኛልና እስክሪብቶሽን አስቀምጪና የዚህን ገበሬ ነገር ስሚኝ።

ገበሬው ሁለት ምራቶች ነበሩት። ደቦ በጠራ ቁጥር ሁለቱም ገበታ ያቀርባሉ። ደቦኛን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ከማለዳ ጀምሮ ሲያጭድ የዋለ ሰው «ብሉ» እስኪባል አይጠብቅም። የሁለቱም ገበታ ተጠርጎ ይመለሳል። ገበሬውም ደስ ብሎት፣ «በማብላት እኩል ናቸው፤ አላበላልጣቸውም» ይል ነበር። ጎረቤቱማ ታላቂቱ ጨዋታ ስለምታውቅ እንዲያውም እሷን ያስቀድም ነበር።

አንድ ጊዜ የገበሬው ታላቅ ወንድም ሚስቱ ሞተችበትና ወደዚያ ቤት መጣ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሌላውን ሲያጎርስ የኖረ ነው፤ መጉረስ አያውቅበትም። በዚያ ላይ ኀዘኑ ምግብ አስጠላው። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ገበሬው ወንድሙ ዓይኑ እያየ ሲያልቅበት የሚያደርገው ጠፋው።

በአራተኛው ቀን ታላቂቱ ምራት ገበታ አቀረበች።

«ይብሉ እንጂ አባባ» አለችው።

«ጠግቤያለሁ ልጄ።»

አንዴ ደግማ ለመነችውና «እንግዲህ እንደ ወደዱ» ብላ ገበታውን አነሳች። ክፉ ሆና አይደለም፤ አቅሟ እስከዚያው ነበር።

ታናሺቱ ተተካች። ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋችና «አፈር ስሆን!» አለችው። ራሱን ወዘወዘ። «በሞቴ!» አለችው። ፊቱን አዞረ፤ እሷም አብራው ዞረች። የዘረጋችውን እጇን አልመለሰችም። በመጨረሻ ሽማግሌው እያለቀሰ አፉን ከፈተ። ገበሬው በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበርና፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት ለካ ሳላውቅሽ ነው የኖርኩት!» አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ታላቂቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ታናሺቱ ፐርክሎሪክ አሲድ ናት፤ ጉርሻቸውም አሲድ ሁሉ ለሌላው የሚሰጠው ፕሮቶን ነው። ውሃ ደቦኛ ነው፤ የሰጡትን ሁሉ ሻሞ ብሎ ስለሚቀበል ሰጪዎቹን እኩል ያስመስላቸዋል። የኮምጣጤ አሲድ ግን እሱ ራሱ ሰጪ ነውና መቀበል አይሆንለትም፤ እዚያ ጊዜ ማን ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ይታያል። ስለዚህ የዋሸሽ የለም። ግን የሰጪን ብርታት ማወቅ ስትፈልጊ እምቢ ባይ ፊት አቁሚው።