በአንድ ጉድጓድ ሁለት ምሰሶ

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልጠራውም፤ ብጠራው ከመካከላችሁ ሃምሳው «አቤት» ይላል!

ይህ ሰው ሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። የአባቱ ቤት በእርጅና ዘሞ ፈረሰ። እናቱ አትጠገብ ጎረቤት ተጠግታ፣ በሰው ማድቤት ጥግ ትተኛለች። ግንቦት አልቋል፤ ክረምቱ ደጅ ቆሟል። ምን ማድረግ ነበረበት? ቤት መሥራት! ከታናሽ ወንድሙ ከይግረም ጋር ተጋግዘው በሳምንት የሚጨርሱት ሥራ።

ግን ሁለቱም ምሰሷቸውን መትከል የፈለጉት የት ነው? የአባታቸው ምሰሶ በቆመበት ጉድጓድ! ግቢው ፈረስ ያስጋልባል፤ መቶ ቤት ቢሠራበት መቶ አንደኛው አይጠበውም። እነሱ ግን ያችኑ ጉድጓድ! ይግረም ጠዋት ይተክላል፤ ታላቁ ከሰዓት ይነቅላል። ታላቁ ይተክላል፤ ታናሹ ይነቅላል።

«በኩሩ እኔ ነኝ!»

«አባባን የጦርኩት እኔ ነኝ!»

«አንተ ጦርከው? ጠላውን ጨረስክበት እንጂ!»

ሽማግሌ ተቀመጠ። የት? ከግቢው ግርጌ፣ ውኃው ላይ ካዘነበለው ግራር ሥር። እሱን ግራር ደመና እንኳ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያልፈው! የቢጫ ወፎች ጎጆ ተንጠልጥሎበታል፤ ሺህ ነው ብትሉኝ እጣላችኋለሁ፣ አሥር ሺህ ነው!

አባ ቢራራ የሚባሉት ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«እየው ልጄ። ያ ግንባሩ ቡናማ የሆነው ወፍ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይሠራል። ራሱ ጥቁር የሆነው ደግሞ ታች፣ ደንገሉ ላይ። የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ከአንድ ሐይቅ ይጠጣሉ። ወንዱ የሠራውን ሴቷ ካልወደደችለት የራሱን ያፈርሳል እንጂ የሌላውን ሲነቅል በዕድሜዬ አላየሁም። ያችን ጉድጓድ ተዉአት፤ አንተ ከላይ ሥራ፣ ይግረም ከታች ይሥራ። እናታችሁ ቀድሞ ያለቀው ቤት ትግባ።»

ይግረም አንገቱን ደፋ። «ይሁን» አለ።

ሰውየው እናቱን አያት። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች። «እሺ» የሚለው ቃል ጥርሱ ድረስ መጣ። በዚህ መሃል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈገግ አለ። ፈገግታ ብቻ! ለሰውየው ግን ሐይቁ ሁሉ የሳቀበት መሰለው። እኔ? የወፍ ተማሪ? አለ በልቡ።

«ወፍ ነው የሚመክረኝ?» ብሎ ሲጮህ ሰባት መንደር ሰማው። መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ግራሩ!

«ልጄ፣ በጠባኸው ጡቴ! ተው!» አለች እናቱ።

አልተወም። ግራሩ ተገንድሶ ወደቀ፤ ጎጆው ሁሉ ውኃ ላይ ተበተነ። ከግንዱ ምሰሶ ጠረበና ያችኑ ጉድጓድ ላይ ተከለ።

ይግረም የዚያን ቀን አልነቀለም። ልብሱን ጠቅልሎ አገሩን ጥሎ ሄደ።

ታላቁ አሸነፈ! ማን እንደ እሱ! ግን ምሰሶ ብቻውን ቤት ይሆናል? ማገሩን ማን ያቀብለው? ሣሩን ማን ይወርውርለት? ደቦ ጠራ፤ አንድ ሰው አልመጣም። የሽማግሌ ቃል ለረገጠ ማን ደቦ ይወጣል?

ክረምቱ ገባ። ያ ምሰሶ ሐምሌን ሙሉ ብቻውን ዝናብ ጠጣ። ሰውየውም በስብሶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ እናቱ ወደተጠጋችበት ማድቤት ሄደ። አትጠገብ ከበሩ ሆና አየችው።

«ግባ» አለችው። «ቀስ ብለህ ግባ። የሰው ቤት ነው።»

ምን ያስቃችኋል? አትሳቁ!

እናንተስ? ማኅበር ሲቋቋም ሁላችሁም ሰብሳቢ! ከበሮ ሲወጣ ሁላችሁም መቺ! ባለፈው እሑድ ከፊት ለመቆም ስትገፋፉ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ «ማሩኝ» ሊል ምንም አልቀረውም! እግዚአብሔር ሐይቅ የሚያህል ስፍራ ሰጣችሁ፤ እናንተ የወንድማችሁን ጉድጓድ ትፈልጋላችሁ። ለደንገሉም ለጫፉም ወፍ ጎጆ የሰጠ አምላክ ለአንተ ቦታ ያጣል? ለአንቺ ያጣል?

የሚመክራችሁን ስንቱን ግራር ገነደሳችሁ? ስንቱን ወንድም አገር አስጣላችሁ? ከዚያ ደግሞ «አሸነፍኩ» ትላላችሁ! ምኑን ነው ያሸነፋችሁት?

ሂዱ፣ ያን ጉድጓድ ድፈኑት። ሂዱ፣ ይግረምን ካለበት ፈልጉት። አሁኑኑ! ዝናቡ እኮ ጀምሯል፤ እናታችሁም እስካሁን በሰው ማድቤት ናት።