በጸሎት የቆመው ጣሪያ

ዱሮ በእንግሊዝ አገር ምላሱ የማያርፍ አንድ ግንበኛ ነበር። የከተማው ጳጳስ ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራላቸው አዘዙትና ግድግዳውና ምሰሶው ከቆመ በኋላ፣ ጣሪያው ሳይጀመር፣ ሊያዩት መጡ። ወንበራቸው በሚቀመጥበት ቦታ ቆመው ሲመለከቱ ምሰሶዎቹ ግማሹን ሕዝብ ሊጋርዱባቸው ነው።

«እኔን ሊሸፍኑኝ ነው የቆሙት? ጠርበህ በግማሽ አቅጥናቸው!» አሉት።

«ብፁዕ አባታችን፣ ጣሪያው እኮ ድንጋይ ነው። ማን ሊሸከመው ነው?»

«አንተ እምነት የጎደለህ! የእኔ ጸሎት ይሸከመዋል።»

ግንበኛው እያጉረመረመ ጠረበ። ጣሪያውም ተገንብቶ አለቀና ከሥር ደግፈው የያዙት እንጨቶች የሚነሱበት ቀን ደረሰ። በዚያች ከተማ ልማድ፣ እንጨቱ ሲነሳ ዋናው ግንበኛ ከጣሪያው ሥር ይቆማል፤ ቢናድ መጀመሪያ በእሱ ላይ ይናድ ተብሎ ነው።

ጳጳሱ ከደጅ፣ ሰማዩ ሥር፣ ራቅ ብለው ቆሙና ሕዝቡ እየሰማ «በል ግባ! በሥራው የሚተማመን ሰው ምን ያስፈራዋል?» አሉት።

ግንበኛው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ልክ ነው፣ አባታችን፤ ከሥር የሚቆመው ለጣሪያው ዋስ የሆነው ሰው ነው። እኔ ዋስ የሆንኩት ለወፍራሞቹ ምሰሶዎች ነበር፤ እነሱን ደግሞ አስጠረቡኝ። አሁን ጣሪያውን የያዘው የእርስዎ ጸሎት ነው። እንግዲህ እርስዎ ገብተው ይጸልዩ፤ እንጨቱን እኔ አነሳለሁ።»