በጋዜጣ የተጠቀለለው ሞዞ

አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ጋሽ ድንበሩ ይባላል። ሱቁ በአንዲት የደጋ ከተማ ዳርቻ፣ መንገዱ ወደ ቆላ መውረድ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ናት። በከተማው ሁለት ነገር ይባልለት ነበር። አንደኛ፣ ከደጁ ሳይጠገንለት ብስክሌቱን ተሸክሞ የተመለሰ ሰው የለም። ሁለተኛ፣ አዲስ ዕቃ ሲያስገባ የወለቀውን አሮጌ ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለባለቤቱ ያስረክባል። «ያንተ ይኸው፤ አይተህ እመን» ይላል።

ይቺ ልማድ ቀላል እንዳትመስላችሁ። ዕቃ ሳይቀይሩ ቀየርን የሚሉ ጠጋኞች በበዙበት ከተማ ሰው የሚያምነው በእጁ የያዘውን ብቻ ነው። አሮጌውን ይዞ ቤቱ ሲገባ አዲሱ ዕቃ ጎማው ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ይሆናል። ጋሽ ድንበሩ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አላታለለም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሃያ ዓመት የታመነ ሰው አንድ ቀን ቢዋሽ ማንም አይመረምረውም።

ከደንበኞቹ አንዱ ይርዳው ነበር። ይርዳው መኪና በማይገባበት ቆላ ላሉት ጤና ኬላዎች መድኃኒት የሚያደርስ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ሣጥኑን ከኋላው አስሮ በተራራ ብስክሌቱ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ በማግሥቱ ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን ይወጣል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ይርዳው ወደ ሱቁ መጣ።

«ጋሼ፣ የኋላው ጎማ መላ አጣሁለት። ሦስት ወሩ ነው ሲጮህ። አሁንማ ቁልቁለቱ ላይ እንደ ወፍጮ ይንገጫገጫል። ገደሉ አፋፍ ያለው ጥምዝ ጋ ስደርስ ፈርቼ ከብስክሌቱ እወርድና በእግሬ ነው የማልፈው።»

ጋሽ ድንበሩ ጎማውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀው። ጎማው ላልቶ ተወዛወዘ። ፈታውና ሞዞውን አየ። ሞዞ የጎማው እምብርት ነው፤ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚሰኩት እሱ ላይ ነው፣ ጎማውን ከብስክሌቱ ጋር የሚይዘው ብረትም የሚያልፈው በእሱ መሐል ነው። የብረት ብዮቹ የሚሽከረከሩበት ቦታ ተበልቶ አልቋል። መሐሉን በሚያልፈው ብረት ላይም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች።

«ይሄ አይጠገንም፤ ሞዞው አልቋል» አለ። «ሙሉውን መቀየር ነው።»

«ይቀየራ! አለዎት አይደል? ነገ እኮ ወራጅ ነኝ።»

አልነበረውም። አዲሱ ሞዞ ታዟል፤ በአውቶቡስ የሚደርሰው ግን ቅዳሜ ነው። መልሱ አንዲት ቃል ነበረች። «የለኝም» ቢለው ይርዳው ትንሽ ያጉረመርማል፣ ከዚያ በቅሎ ይለምናል ወይም በእግሩ ይወርዳል። ነገር ግን ደጁ ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ሥራ ፈት የሆኑ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጆሯቸውን ቀስረዋል። ከመሐላቸው አንዱ ማዶ አዲስ ሱቅ ለከፈተው ሌላ ጠጋኝ አጎቱ ነው። «ጋሽ ድንበሩም ዕቃ አለቀበት» የምትባል ወሬ እስከ ምሳ ሰዓት ከተማውን ታዳርሳለች። ጋሽ ድንበሩ ያቺን አንዲት ቃል አፉ ውስጥ አገላበጣትና ዋጣት።

«ከሰዓት ና» አለው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ጋሽ ድንበሩ በግራሶ ሊያሸው ሞከረ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ። ሞዞ ሲቀየር ሠላሳ ስድስቱም ሽቦዎች አንድ በአንድ ይፈታሉ፣ አዲሱ ላይ እንደገና አንድ በአንድ ይሰካሉ፣ ጎማው እስኪቀና ድረስ ይወጠራሉ። እሱ አንዷንም ሽቦ አልነካም። አሮጌውን ሞዞ በቤንዚን አጠበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ አዳዲስ ብዮች ጨመረበትና ወፍራም ግራሶ ጠቀጠቀበት። ጎማውን ሲያሽከረክረው ድምፅ የሚባል የለውም። ስንጥቋን አይቷታል፤ እንዳላየ አለፋት። «እስከ ቅዳሜ ምን ይሆናል? ቅዳሜ አንድ ሰበብ ፈልጌ እጠራውና አዲሱን አስገባለታለሁ» አለ በልቡ።

ከዚያ ከውዳቂ ብረቶች ሣጥን የማን እንደሆነ የተረሳ፣ የዛገ ሞዞ አውጥቶ በጋዜጣ ጠቀለለው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መዋሸቱ አንሶ፣ ሰው በእሱ ላይ የጣለውን እምነት ራሱን የውሸቱ ምስክር አደረገው።

ከሰዓት ይርዳው መጥቶ ጎማውን በጣቱ አሽከረከረው። ጎማው ዝም ብሎ ዞረ። ጋዜጣውን ገልጦ የዛገውን ሞዞ ሲያይ ፊቱ ሁሉ ሳቅ ሆነ።

«ይሄ ነው እንዴ እስከ ዛሬ የተሸከመኝ? እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ! ለትርንጎም አሳያታለሁ። ‹ይሄ ጎማ አንድ ቀን ያለ ባል ያስቀረኛል› እያለች ስትነዘንዘኝ ነበር።»

ጋሽ ድንበሩ የእጁን ግራሶ በጨርቅ ጠረገ። ትርንጎ የይርዳው ሚስት ናት።

«ቅዳሜ ብቅ በል፤ ላየው።»

«ደግሞ ምኑን?»

«አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ ይላላል፤ አጠብቀዋለሁ። ነገም ቀስ ብለህ ውረድ።»

ይርዳው ሳቀ። «እርስዎ ደግሞ! አዲስ አስገብተውልኝ ቀስ በል ይሉኛል? ቀስ ያልኩትማ እስከ ዛሬ ነው!»

አግዳሚው ላይ የነበሩትም ሳቁ። ጋሽ ድንበሩም አብሯቸው ሳቀ።

ሐሙስ ጠዋት ከቆላ ወደ ገበያ የሚወጡ ሴቶች ገደሉ አፋፍ ካለው ጥምዝ አጠገብ አረፍ ብለው ነበር። ይርዳው ከላይ ሲመጣ አዩትና እንደ ልማዱ ከብስክሌቱ ይወርዳል ብለው መንገድ ለቀቁለት። እሱ ግን አልወረደም። «ጋሽ ድንበሩ አድሰውልኛል!» ብሎ እየጮኸ በአጠገባቸው አለፈ። ጥምዙ መሐል ላይ ሲደርስ አንዳች ነገር ቀጭ ሲል ሰሙ። የኋላው ጎማ ተጣሞ ተቀረቀረ። ሣጥኑም ሰውየውም ገደል ገቡ።

የከተማው ሰዎች አስከሬኑንና ብስክሌቱን ለማውጣት እስከ ማታ ፈጀባቸው።

ጋሽ ድንበሩ ለቅሶ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ ሽማግሌዎቹ ጎማው እንዴት ሊከዳው እንደቻለ መነጋገር ጀመሩ። ይሄኔ ትርንጎ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ወደ ቤት ገባችና ያንን የጋዜጣ ጥቅል ይዛ ተመለሰች። ገልጣ ለሁሉም አሳየች።

«በጋሼ ላይ ክፉ ቃል እንዳትናገሩ» አለች። «ይኸው፣ አሮጌውን አውጥተው በእጁ ሰጥተውታል። ቀስ ብለህ ውረድም ብለውት ነበር። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ችኮላው ነው የገደለው። ጥሎን የሄደው በገዛ እጁ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ነው» አሉ። እንዲህ ሆኖ ሟቹ ጥፋተኛ ሆነ፣ ገዳዩ ተመሰገነ። ጋሽ ድንበሩ ያኔም አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ የእሱ ዝምታ እዚያው ድንኳን ውስጥ ነቅዞ ነበር።

ቅዳሜ አውቶቡሱ መጣ። አዲሱ ሞዞ ከነወረቀቱ ደረሰ። ጋሽ ድንበሩ ሳይከፍተው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

አርባው ካለፈ በኋላ ትርንጎ የተጣመመውን ጎማ ተሸክማ ሱቁ መጣች። በሌላ እጇ የጋዜጣውን ጥቅል ይዛለች።

«ጋሼ፣ የቆላ ሰዎች መድኃኒት ተቋርጦባቸዋል። ወንድሜ እኔ እወርዳለሁ ብሏል። ከእርስዎ በቀር ማንንም ስለማላምን አምጥቼዋለሁ። ይህ አሮጌው ደግሞ ልጆቼ ባዩት ቁጥር አባታቸውን እየጠሩ ያለቅሳሉ፤ እዚሁ ይቅርልኝ።»

ጋሽ ድንበሩ ጎማውን ተቀብሎ ፈታው። ሁለት ላይ የተሰበረው ብረት ከነግራሶው ወጣ። ስብራቱ የጀመረው ያቺ ስንጥቅ ካለችበት ነው። ወንድሟ ሊወርድበት መሆኑን ሲያስብ መፍቻውን አስቀመጠ። የጋዜጣውን ጥቅል ገልጦ የዛገውን ሞዞ ከተሰበረው ብረት ጎን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ትርንጎ፣ ይሄ ቤትሽ ያስቀመጥሽው የባልሽ አይደለም» አለ። «የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። የባልሽ ይሄኛው ነው። አልቀየርኩትም። አዲስ አልነበረኝም።»

ትርንጎ ሁለቱን ብረቶች ተራ በተራ አየቻቸው።

«ታዲያ ለምን የለኝም አላሉትም?» አለች። «ቢነግሩት እኮ ጥምዙ ጋ ወርዶ በእግሩ ያልፍ ነበር።»

ጋሽ ድንበሩ ዓይኑን ወደ ደጁ አግዳሚ ወንበር አዞረ።

«እኔ ደግሞ በሰው ፊት ችኩል ነበር ብዬ ሰደብኩት» አለችና ጎማውን መልሳ ትከሻዋ ላይ አወጣች። አዲሱን ሞዞ ከመደርደሪያው አውርዶ በሁለት እጁ ቢያቀርብላትም ዞራ አላየችውም። ከዚያ ደጅ ጎማ ተሸክሞ የተመለሰ የመጀመሪያው ሰው እሷ ሆነች።

ጋሽ ድንበሩ ዛሬም ሱቁን ይከፍታል። አሁን «የለኝም» ማለት አይከብደውም፤ ሳይጠየቅም ይላል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ግን የሚሰማው ሰው የለም።

ወገኖቼ፣ ይርዳው በዚያ ባለቀ ሞዞ ሦስት ወር ሙሉ ወርዶበታል፣ አልሞተም። ጩኸቱን እየሰማ ይፈራ ነበር፣ ስለሚፈራም ይጠነቀቅ ነበር። የሞተው ጩኸቱ በግራሶ ታፍኖ «አዲስ ነው» በተባለ ማግሥት ነው። የተበላሸ ነገር እየጮኸ ባለቤቱን ይጠብቃል። እኛ ግን ስማችን እንዳይጎድፍ ብለን ጩኸቱን ስናፍነው፣ ጉድለቱን እዚያው ትተን ጥንቃቄውን ብቻ እንወስድበታለን። «የለኝም» ማለት ለአንድ ቀን ያሳፍራል። ያልተባለው «የለኝም» ግን ትርንጎን ያለ ባል፣ ሁለት ልጆችን ያለ አባት አስቀርቷል።

እናንተስ? «የለኝም»፣ «አላውቅም»፣ «አልችልም» ማለት አፍራችሁ «ተሠርቷል» ብላችሁ ያስረከባችሁት የማን ጎማ ነው? ሰውየው ቁልቁለቱን ሳይጀምር ሄዳችሁ ንገሩት።