ቀበሮ ለአህያ የሸጠችው የጠላ እርሾ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ በግዛቱ ያሉ እንስሳት እርስ በርስ እንዳይበላሉ ባዘዘበት ዘመን፣ ወንዝ ዳር ጠላ እየጠመቀች የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። ብቅሏን ራሷ ታበቅላለች፣ ጌሾዋን ራሷ ትወቅጣለች። እርሾውን ብቻ ከቀበሮ ትገዛ ነበር። መጀመሪያ ለአንድ ቅል እርሾ አንድ ቁና ገብስ ትሰጥ ነበር። ከዚያ ሁለት ሆነ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ደግሞ ቀበሮ ሦስት ጠየቀች።

«እመት ቀበሮ፣ ይሄ አልበዛም?» አለች አህያ። «እጄ ላይ የቀረው እኮ የዘር ገብስ ነው።»

«እህቴ፣ ይህ እርሾ ከሰባት ወንዝ ማዶ ነው የሚመጣው። ላንቺ ብዬ እንጂ እኔም አላተረፍኩበት። ካልፈለግሽ ተዪው፤ ጠላሽ አልፈላ ሲልሽ ታስታውሺኛለሽ።»

አህያ ጥርሷን ነክሳ ከዘሩ ላይ ሦስት ቁና ሰፈረች።

ጠላው ፈልቶ፣ ተሸጦ ባለቀ ጊዜ፣ እንደ ልማዷ ከጋኑ ሥር የቀረውን ወፍራም አተላ ከአጥሩ ጀርባ ደፋችው። ጋኑን የምታጥብበት ግራዋ ቀጥፋ ስትመለስ፣ ጅብ አተላው ላይ ጎንበስ ብሎ በቅል ሲጨልፍ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ፤ አታስፈቺኝ» አለ ጅብ። «ወፍራሙን ለእመት ቀበሮ እወስዳለሁ፤ የተረፈውን እኔ እልሳለሁ።»

«እሷ ምን ታደርገዋለች?»

«እርሾ ነው እያለች ትሸጠዋለች።»

«ለማን?»

ጅብ ትንሽ አሰበ። «ለአንዲት ሞኝ አህያ ነው ያለችኝ። ስሟን አልነገረችኝም።»

የአህያ ጆሮ ጋለ። በጀርባዋ ተሸክማ ያስገባችውን ገብስ ሁሉ የገዛ አተላዋን መግዣ አድርጋው ኖራለች። መጀመሪያ በቀበሮ ተናደደች፣ ቀጥሎ በራሷ፣ ከዚያ እንደገና በቀበሮ።

«ቅሉን አስቀምጥና ሂድ» አለችው።

ጅብ አህያ እንዲህ አፍጥጣ ስታዘው የመጀመሪያው ነበር። ማን ማንን መፍራት እንዳለበት ጠፋበትና ቅሉን አስቀምጦ ሄደ። አህያም በዚያው አተላ አዲስ ጥንስስ ጠነሰሰች። በሦስተኛው ቀን ጋኑ አረፋ ደፍቆ ይንፈቀፈቅ ጀመር።

ቀበሮ ያን ቀን ተቆጥታ መጣች። «ቅሌን የቀማሽው ምን ቆርጦሽ ነው?»

«ቅልሽ ያውልሽ። እርሾው ግን የእኔ ነው።»

«የደፋሽውን ነው የእኔ የምትዪው? አንቺ ጣልሽ፣ እኔ አነሳሁ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

«ማንሳትሽ ላይ አይደለም» አለች አህያ። «ከሰባት ወንዝ ማዶ መጣ ብለሽ ዘሬን መውሰድሽ ላይ ነው።»

ይህን ብላ ዞረችና ቅሉን በእርግጫ ብትለው ስብርብሩ ወጣ። ቀበሮ ሁለተኛው እርግጫ ሳይደርሳት ሮጠች።

አህያ ተናድዳ ብቻ ቤቷ አልተቀመጠችም። እንደ እሷ ጠላ የሚጠምቁትን ፍየልንም፣ በቅሎንም፣ ጃርትንም ጠራች። ለካ ሁሉም ጠማቂዎች ከቀበሮ ገዝተዋል፤ ሁሉም አተላቸውን ደፍተዋል። ለእያንዳንዳቸው ከጋኗ እርሾ በማሰሮ እየቀዳች፣ «ከእንግዲህ ከምትጠምቁት ሁሉ ከሥሩ ጥቂት እያስቀራችሁ ለሚቀጥለው ጨምሩበት። እርሾ የሚገዛ እንዳይኖር» አለቻቸው።

ከዚያ ገብሳቸውን ለማስመለስ ተሰብስበው ወደ ቀበሮ ጎተራ ሄዱ። ቀበሮ የለችም፤ ወንዙን ተሻግራለች። ባዶው ጎተራ ውስጥ ጅብ ሆዱን ነፍቶ ተጋድሟል።

«ገብሱስ?» አለች አህያ።

«ደሞዜን አልሰጠችኝም፤ ስለዚህ በላሁት። አይጣፍጥም፤ ግን ጨረስኩት።»

አህያ የጎተራውን በር በእርግጫ ገንጥላ ጣለችው። በሩ ተገነጠለ እንጂ ገብሱ አልተመለሰም። በዚያ ዓመት ከማሳዋ የዘራችው ግማሹን ብቻ ነው፤ ጦም ባደረው ግማሽ በኩል ባለፈች ቁጥርም ንዴቷ እንደ አዲስ ይነሳባት ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የእጃችንን ነገር ጥቅም ሳናውቅ ከጣልነው፣ ያንኑ አንስቶ በውድ ዋጋ የሚሸጥልን ብልጥ እንደማይጠፋ ነው።